«ፎርማት አድርገው» የሚሉት መድኃኒት

ከአዲስ ዓለም ተነስቶ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አድርጎ እስከ ባኮ በሚዘልቀው መንገድ ዳር ኮምፒውተር ጠጋኝ የማይገኝበት ከተማ የለም። ወደ አንዱ ጎራ ብሎ «ኮምፒውተሬ ላይ የማላውቀው ፕሮግራም ይሠራል፤ ቫይረስ ይሁን አይሁን እይልኝ» የሚል ደንበኛ የሚጠብቀው ነገር የታወቀ ነው። ባለሙያው ታስክ ማናጀሩን ይከፍታል። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ይቃኘዋል። ስሙን የሚያውቀውን «ይሄ የዊንዶውስ ነው፣ ይሄ የአዶቤ ነው» እያለ ያሳልፈዋል። ስሙን የማያውቀውን ሲያገኝ ፊቱን ያኮሳትራል። ከዚያ ፍርዱ ይመጣል፦ «ፎርማት እናድርገው»።

በቃ። ምርመራውም ሕክምናውም ይኸው ነው። በሽታው ምን እንደነበረ፣ በየት እንደገባ፣ ምን ይዞ እንደወጣ የሚጠይቅ የለም። ደንበኛውም ማሽኑ ስለፈጠነለት አመስግኖ፣ ከፍሎ ይሄዳል።

ይህ ሌላ ቦታ ቢሆን ተራ የሙያ ስንፍና ተብሎ ይታለፍ ነበር። ምዕራብ ሸዋ ላይ ግን እንዲያ ብሎ ማለፍ አይቻልም። የዚህ ዞን ስም በዓለም ላይ ከታወቁት የስለላ ሶፍትዌር ታሪኮች ከአንዱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ያ ታሪክ ደግሞ የታወቀው አንድ ሰው የደረሰውን አጠራጣሪ ነገር ስላልደመሰሰ ነው።

ጊዜው ይታወሳል። ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. አምቦ ላይ ደም ፈሰሰ። ኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ፤ ተቃውሞው ኦሮሚያን አዳረሰ። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ በኢሬቻ በዓል ያ ሁሉ ሰው አለቀ፤ ሳምንት ሳይሞላ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኢሳትንና ኦኤምኤንን ማየት ራሱ በመመሪያ ተከለከለ። ከየከተማው በስልክ የተቀረጸው ፎቶና ቪዲዮ የሚላከው በዚያን ጊዜ ወደ እነዚሁ የውጭ አገር ሚዲያዎች ነበር። እንግዲህ ላኪውን ለማወቅ ተቀባዩን መጥለፍ ይበቃል ማለት ነው።

ኢሬቻው ባለፈ በቀናት ውስጥ በወቅቱ የኦኤምኤን ኃላፊ ለነበሩት ለጃዋር መሐመድ አንድ ኢሜይል ደረሳቸው። በውስጡ የቪዲዮ ሊንክ ነበረበት። ሊንኩ የሚወስደው ኢስትአፍሮ የተባለውን የታወቀ የኤርትራውያን የቪዲዮ ገጽ አስመስሎ ወደ ተሠራ የሐሰት ገጽ ነው። ገጹ ላይ የሚገባ ሰው ቪዲዮውን ከማየቱ በፊት «ፍላሽ ፕሌየርዎን ያሳድሱ» ይባላል። ማሳደሻው ሰላይ ነው። ለሌሎቹ ደግሞ ዘዴው ተቀይሮ የፒዲኤፍ ሰነድ ለመክፈት «አዶቤ ፒዲኤፍ ራይተር» የሚባል ፕሮግራም ጫኑ ይባሉ ነበር። አዶቤ በዚህ መልክ የሚያወጣው እንዲህ ያለ ፕሮግራም አልነበረም፤ ለማጥመጃ የተፈጠረ ስም ነው።

አሁን ይህን ፕሮግራም ታስክ ማናጀር ከፍቶ በስም የሚፈርደው የጊንጪ ወይም የአምቦ ባለሙያ ፊት ማቅረብ ነው። ስሙ ማን ይላል? አዶቤ። ያልፋል!

ኃላፊው ግን ጠረጠሩ፤ ሊንኩን ከመክፈት ይልቅ ኢሜይሉን እንዳለ በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሥር ለሚገኘው ሲቲዝን ላብ ለተባለው የምርምር ተቋም አስተላለፉት። ተመራማሪዎቹ ክሩን ይዘው ጎተቱት። ሶፍትዌሩ ትእዛዝ የሚቀበልበትን ሰርቨር ሲያገኙ የሰርቨሩ መዝገብ ለማንም ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። ከአንድ ዓመት በላይ ተከታተሉት። የሶፍትዌሩ አዛዦች ከኢትዮጵያ እየገቡ ሲሠሩ፣ የተጠለፉት ኮምፒውተሮች ደግሞ ከ20 አገሮች ሲጣሩ ታየ። ዒላማ ከተደረጉት መካከል አንድ የዶክትሬት ተማሪና አንድ የሕግ ባለሙያ ነበሩ፤ ይባስ ብሎ ከሪፖርቱ ጸሐፊዎች ለአንዱም ማጥመጃው ተላከለት። ሪፖርቱ ኅዳር 2010 ዓ.ም. ሲወጣ አምራቹ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ መሆኑ ታወቀ፤ በወቅቱ ኤልቢት ሲስተምስ የሚባለው የጦር መሣሪያ ድርጅት ንብረት ነበር። ኩባንያው የሰጠው መልስ ፍሬ ነገሩ ለመንግሥታትና ለሕግ አስከባሪዎች ብቻ እንሸጣለን የሚል ነበር። ይህ ማስተባበያ ከሆነ ክሱ ምን ሊሆን ነው?

የመጀመሪያውም አልነበረም። መጋቢት 2005 ዓ.ም. ይኸው ተቋም ፊንስፓይ የተባለው ሰላይ የግንቦት 7 ፎቶዎችን ማባበያ አድርጎ እንደሚሠራጭ፣ አዛዥ ሰርቨሩም በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ላይ እንደተቀመጠ ገለጸ። ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ለኢሳት ባልደረቦች በስካይፕ ሰነድ የሚመስል ፋይል ተላከ፤ ውስጡ ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ሶፍትዌር ነበር። ሰኔ 2007 ዓ.ም. ኩባንያው ራሱ ተጠልፎ 400 ጊጋባይት የሚያህል ምስጢሩ ሲዘረገፍ ደንበኛው ኢንሳ እንደነበረ፣ ሻጮቹም ደንበኛቸው ዕቃውን በግዴለሽነት እየተጠቀመ አጋለጠን ብለው እርስ በርስ ሲያማርሩ እንደነበር ተነበበ። ሌባውን ያሳጣው ሌላ ሌባ ሆነ።

ከሁሉ የሚያንገበግበው የሜሪላንዱ ጉዳይ ነው። ፍርድ ቤት ላይ ኪዳኔ በሚል የብዕር ስም የቀረበው ትውልደ ኢትዮጵያዊ የአሜሪካ ዜጋ የወርድ ሰነድ ደርሶት ከፈተ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ፊንስፓይ ገባ፤ የስካይፕ ንግግሩ ተቀዳ፤ ቤተሰቡ የተጠቀመበት ሁሉ ተለቀመ። የካቲት 2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያን መንግሥት አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሰ። መጋቢት 2009 ዓ.ም. የይግባኙ ፍርድ ቤት መዝገቡን ዘጋው። ምክንያቱ? ድርጊቱ በሙሉ አሜሪካ ምድር ላይ አልተፈጸመም፤ ከፊሉ ባሕር ማዶ ነው፤ ስለዚህ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት አይነሳም። ሰውየው ሳሎኑ ውስጥ ተጠልፎ፣ ማስረጃው ተገኝቶ፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ ከዚያ በላይ አልሄደም። ማስረጃውን ይዞ ይህ ከደረሰበት፣ ማስረጃውን በፎርማት የሚያጥበው የጉደር ሰው ምን ይዞ ይከራከራል?

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሚኒሶታ ያለው ሰው ሲጠራጠር የሚልክበት ሲቲዝን ላብ ነበረው። ጊንጪ ያለው ሰው ሲጠራጠር የሚወስደው ወደ ኮምፒውተር ቤት ነው፤ እዚያ የሚጠብቀው ፎርማት ነው። ሁለቱም ሰው ተመሳሳይ ጥርጣሬ ይኖረው ይሆናል፤ የአንዱ ጥርጣሬ ዓለም አቀፍ ሪፖርት ሆነ፣ የሌላው ግን በጥቂት ብር ተደመሰሰ።

ባለሙያዎቹ የሚመልሱት አላቸው፤ መልሳቸውም ባዶ አይደለም። ደንበኛው የሚፈልገው ማሽኑን እንጂ ምርመራ አይደለም፤ ለምርመራ የሚከፍልም የለም። መብራት ሊሄድ ይችላል፣ ሌላ ወረፋ አለ፣ ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ለማሳተም ፍላሹን ይዞ ቆሟል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ፎርማት እነሱ የሚሉትን ያህል መድኃኒት ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር። አይደለም! ማሽኑ ታጥቦ በወጣ በሰዓቱ ያው የተበከለው ፍላሽ ተመልሶ ይሰካበታል፤ በኮፒ ቤት በኩል ያለፈ ተማሪ ሁሉ ፋይሎቹ ጠፍተው በምትካቸው ሾርትከት የሚያሳየውን ቫይረስ ያውቀዋል። የተሰረቀ የኢሜይል የይለፍ ቃልም በፎርማት አይመለስም፤ ሰላዩ ከቶሮንቶም ይሁን ከአዲስ አበባ ሆኖ ያንኑ ሳጥን መክፈቱን ይቀጥላል።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ አዲሱ ዊንዶውስ ራሱ የሚጫነው ከየት እንደመጣ ከማይታወቅ የተሰበረ ቅጂ መሆኑ ነው። ዊንዶውሱን «የሚያነቃው» አክቲቬተር ሲጫን የሚሰጠው የመጀመሪያ መመሪያ «አንቲ ቫይረሱን አጥፋ» ነው። ሰው ይህን ዓመት ከዓመት ሲያደርግ ምን ይማራል? አንቲ ቫይረስ ሲጮህ ማጥፋትን ይማራል። ጅብ መጣ እያለ የሚዋሸውን እረኛ ተረት ሁሉም ያውቃል፤ እዚህ ግን እረኛው አልዋሸም፣ መንደሩ ነው ጆሮውን መድፈን የለመደው። አክቲቬተሩ ውስጥ ሌላ ነገር ተደብቆ ቢመጣም ጩኸቱ ያው ነውና የሚለየው የለም። ለዋናው ቅጂ የሚከፈለው ዋጋ ከሰው አቅም በላይ መሆኑን መካድ አይቻልም፤ አቅም የለም ማለት ግን አደጋ የለም ማለት አይደለም።

ታዲያ አንድ እየሠራ ያለ ፕሮግራም ደህና ይሁን ተንኮለኛ በምን ይለያል? ሰርግ ቤት ፀጉረ ልውጥ ሰው ሲገባ ስሙን ጠይቆ የሚያልፍ አስተናጋጅ የለም። ስም ማንም ይናገራል። የሚጠየቀው «ከማን ጋር መጣህ? የማን ወገን ነህ?» ተብሎ ነው። ከዚያም የት እንደሚቀመጥ፣ ከማን ጋር እንደሚንሾካሾክ ይታያል። ፕሮግራምም እንደዚሁ ነው።

ኤስቪሲሆስት የሚባለውን እንይ። ታስክ ማናጀር ላይ ይህ ስም በደርዘን የሚቆጠር ጊዜ ተደጋግሞ ይታያል፤ ብዙ ሰው በዚህ ይደነግጣል። መብዛቱ ግን የዊንዶውስ ጠባይ ነው፤ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። እውነተኛው የሚቀመጠው ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ሲስተም 32 በሚባለው ወይም በመሰሉ ነው፤ የሚያስነሳውም ሰርቪስስ የሚባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። በዚህ ስም የሚጠራ ነገር ከተጠቃሚው ጊዜያዊ ፋይሎች ወይም ከዳውንሎድ ፎልደር ተነስቶ ከተገኘ፣ ወይም ወላጁ አንድ የወርድ ሰነድ ከሆነ፣ ስሙ ምንም ቢሆን እንግዳው ያልተጠራ ነው። ቦታውን ለማየት ስሙን በቀኝ ተጭኖ «ኦፕን ፋይል ሎኬሽን» ማለት ይበቃል። ሰከንዶች ይፈጃል። ስንቱ ባለሙያ ያደርገዋል?

ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጣቸው ፕሮሰስ ኤክስፕሎረርና ኦቶረንስ የሚባሉ መሣሪያዎች ደግሞ አሉ። የመጀመሪያው ማን ማንን እንዳስነሳ እንደ ዘር ሐረግ ያሳያል፤ ፊርማውን ያረጋግጣል፤ የፋይሉን አሻራ ብቻ ልኮ ከደርዘኖች አንቲ ቫይረሶች ጋር በቫይረስ ቶታል ያስተያያል። ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብሮ የሚነሳውን ሁሉ ይዘረዝራል። ሁለቱም በአንድ ፍላሽ ጥግ የሚገቡ ቀላል ፋይሎች ናቸው። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፦ ወደ ቫይረስ ቶታል አሻራ መላክና ፋይሉን ራሱን መጫን አንድ አይደለም። የተጫነ ፋይል ከፍለው ለሚጠቀሙ ድርጅቶች ይደርሳል። የግል ደብዳቤ ወይም የደንበኛ ሰነድ እዚያ መወርወር ሌላ ጥፋት ነው።

ፊርማም ቢሆን የመጨረሻ ቃል አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የተገኘው ስታክስኔት የኢራንን የኒውክሌር ማበልጸጊያ ሲያጠቃ ሪልቴክና ጄማይክሮን ከሚባሉ የታይዋን ኩባንያዎች በተሰረቀ ትክክለኛ ፊርማ ተፈርሞ ነው። በእኛ አገር ኮምፒውተሮች ላይ ሳይቀር እንደ ሳሙና የሚቆጠረው ሲክሊነር በ2009 መጨረሻ በገዛ አምራቹ ፊርማ፣ ከገዛ አምራቹ ገጽ፣ ተመርዞ ወጣ፤ 2.27 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎች ጭነውት ነበር። ደህና የሆነውን ፕሮግራም ከውስጥ ቦርቡሮ የሚገባ ተንኮለኛም አለ፤ ስሙ እውነተኛ፣ ቦታው እውነተኛ፣ ፊርማው እውነተኛ፣ ውስጡ ግን ሌላ። ያኔ የቀረው ጥያቄ ከማን ጋር ይንሾካሾካል የሚለው ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ሪሶርስ ሞኒተር የትኛው ፕሮግራም ከየትኛው አድራሻ ጋር እንደሚነጋገር ያሳያል። ማንም ሳይነካው ሌሊት ሌሊት ወደማይታወቅ አድራሻ የሚጣራ የጽሑፍ ማረሚያ ምን ሊያርም ነው? ሳይበርቢትን ያጋለጠውም በመጨረሻ ይኸው ነበር፤ ከአዛዡ ጋር ያደረገው ንግግር።

የስልኩ ነገር ከዚህ ይብሳል። በብሉቱዝና በቴሌግራም ግሩፕ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ኤፒኬ ወላጁ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሰኔ 2012 ዓ.ም. የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። መስመር በተቋረጠ ቁጥር ሰው መተግበሪያ የሚያገኘው ከጎረቤት ስልክ ነው፤ አንቲ ቫይረሱ አይታደስም፣ ፊርማ የሚያመሳክርበት መንገድም የለም። ከዚያ መስመሩን የዘጋው አካል ዞሮ «ካልታወቀ ምንጭ አትጫኑ» ብሎ ይመክራል!

የምክሩ ነገር ከተነሳ አይቀር፤ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የሳይበር ደህንነት ወር ይከበራል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ ማለትም ያው ኢንሳ፣ የማይታወቅ ሊንክ እንዳይከፈት፣ አጠራጣሪ ፋይል እንዳይወርድ ያስተምራል። ትምህርቱ ጥሩ ነው። ግን ምዕራብ ሸዋ ላይ ይህን የሚሰማ ሰው «አጠራጣሪውን ፋይል ያኔ የላከው ማን ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር ነው? የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 የወጣው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ጎጂ ፕሮግራም የሚያሠራጭን ይቀጣል። አዋጁ በወጣበት ዓመት፣ ከኢትዮጵያ ሆነው የሚያዙት ሰዎች የውሸት ፍላሽ ፕሌየር ያሠራጩ ነበር። የሳይበርቢትን ውል የፈረመው ማን ነው? ስንት ብር ተከፈለ? ከአገር ውስጥ የተጠለፉት እነማን ናቸው? የተለቀመው ቅጂ ዛሬ የት ነው ያለው? ተቋሙ ስሙ ከኤጀንሲ ወደ አስተዳደር ተቀይሯል፤ ስም መቀየር ምን ያህል እንደሚያሳምን ደግሞ ከላይ ታይቷል።

«ያ ዘመን አልፏል፣ ቁስል አትቆስቁሱ» የሚሉ አሉ። «ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል» የሚሉም አሉ። የኋለኞቹ እስቲ ስልካቸውን ከፍተው ለጎረቤት ይስጡ። ፊተኞቹ ደግሞ አንድ ነገር ይመልሱ፦ ዘመኑ ካለፈ ፋይሉን መክፈት ለምን ያስቸግራል?

መንግሥት እስኪመልስ ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። አምቦ ዩኒቨርሲቲ አለው፤ ዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ሳይንስ ያስተምራል፤ በየዓመቱ ተማሪ ያስመርቃል። ከጊንጪም ከጌዶም የተጠረጠረ ፋይል ተቀብሎ የሚመረምር አንድ ጠረጴዛና ሁለት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ማስቀመጥ በጀት የሚጠይቅ ጉዳይ አይደለም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣን የሚሉት እነሱው አይደሉም እንዴ?

ኮምፒውተር ቤቶቹም ቢሆኑ አሥር ደቂቃ አያጡም። መጀመሪያ ኢንተርኔቱን መንቀል፤ ማሽኑን አለማጥፋት፣ ምክንያቱም ሚሞሪ ላይ ብቻ ያለው ነገር ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ታስክ ማናጀሩንና የፋይሉን ቦታ በስልክ ፎቶ ማንሳት። ቀኑንና ሰዓቱን መጻፍ። ፋይሉ የመጣበት ኢሜይል ካለ ሳይሰረዝ ማቆየት። የይለፍ ቃሎችን ከሌላ ንጹሕ ማሽን ላይ መቀየር። ደንበኛውም «ከመደምሰስህ በፊት የት እንደተቀመጠ አሳየኝ፣ ማን እንዳስነሳው አሳየኝ» ብሎ ይጠይቅ። ማሳየት ካልቻለ ቀጥሎ ያለው ቤት ይሄዳል፤ አምቦ ላይ ኮምፒውተር ቤት አይጠፋም። ፎርማቱ ከዚያ በኋላም ይደርሳል።